ዋጋ ይጨመር ወይስ መፈልፈያ ይተከል? የሲዳማ ቡና አምራቾች የሩብ ምዕተ ዓመት ክርክር

በአንድ የቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተገኘ ሰው፣ የሂሳብ ሪፖርቱ ተነቦ ካበቃ በኋላ የሚነሳውን የመጀመሪያ ጥያቄ አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። ከአባላቱ አንዱ ይነሳና የእሸት ቡና መግዣ ዋጋ ከነጋዴው በታች የሆነበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሌላው ደግሞ መፈልፈያው ጠቦ ቡናው ሲያድር፣ ጥራቱ ሲወርድ እየታየ ገንዘቡ ለምን ሌላ ማሽንና ማድረቂያ አልጋ እንደማይገዛበት ይጠይቃል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ካዝና ነው። ለዋጋ የወጣ ብር ለግንባታ አይተርፍም፤ ለግንባታ የተቀመጠውም በዚያው ወቅት በአርሶ አደሩ ኪስ አይገባም። መቀመጫውን በሐዋሳ ከተማ ያደረገው የሲዳማ ቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየንና አባል ማኅበራቱ የተጓዙበት ታሪክ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ በዚህ ጥያቄ በኩል ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ዋጋውን ሌላ ሲወስን በነበረበት ዘመን

የሲዳማ አርሶ አደር በቡናው ዋጋ ላይ ድምፅ ያልነበረው ለረጅም ጊዜ ነው። የብሔራዊ ቡና ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲቋቋም ዋና ሥራው የደረጃና የወጪ ንግድ ቁጥጥር ነበር፤ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶና ከበንሳ የሚወጣው ቡና በሰብሳቢና በአቅራቢ እጅ እየተቀባበለ አዲስ አበባ ይደርሳል፣ አምራቹም ከዚያ በኋላ የሆነውን አያውቅም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የመሬቱ ነገር ተለወጠ፤ የዋጋው ነገር ግን ከነጋዴው ወደ መንግሥት ተሻገረ እንጂ ወደ ገበሬው አልመጣም። የኢትዮጵያ ቡና ገበያ ኮርፖሬሽን የሚገዛበት ዋጋ በተመን የተወሰነ ስለነበር፣ ለአምራቹ የሚደርሰው በዓለም ገበያ ከሚሸጥበት ከግማሽ በታች ነበር።

የሆነ ሆኖ ዛሬ ድረስ ያለው የመፈልፈያ አቅም መሠረቱ የተጣለው በዚያው ዘመን ነው። እሸት ቡናን ፈልፍሎ፣ አብላልቶና አጥቦ የማዘጋጀት ሥራ በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ሥር የሰደደው ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ ማኅበረሰብ ድጋፍ የተካሄደው የቡና ማሻሻያ ፕሮጀክት በርካታ መፈልፈያዎችን አስተክሎ ለገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲሰጡ አድርጓል። በሌላ አነጋገር አርሶ አደሩ ማሽኑን ያገኘው ዋጋውን ከማግኘቱ በፊት ነው። ማሽን ያለ ዋጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ታየ። አባላቱ «የእኛ» ብለው ስላላዩዋቸው ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙዎቹ ማኅበራት ፈረሱ፣ ንብረታቸው ተዘረፈ፣ አንዳንዱ መፈልፈያም ዲስኩ ተፈትቶ ተወሰደ። ከዚያ ትርምስ የተረፉት ማኅበራት በአብዛኛው አባላቱ መፈልፈያውን እየተፈራረቁ የጠበቁባቸው ነበሩ።

ውልደት በክፉ ዘመን

ዩኒየኑ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከዚህ የከፋ ጊዜ መምረጥ አይቻልም ነበር። የዓለም አቀፉ ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 ከፈረሰ በኋላ ገበያው ልቅ ሆኖ ነበር፤ በ1994 የብራዚል ውርጭ ዋጋውን አሽቅቦት፣ በ1997 ግንቦት አንዱ ፓውንድ በኒውዮርክ ገበያ ከ3 ዶላር አለፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት አማካይ መለኪያ ወደ 45 የአሜሪካ ሳንቲም ወርዶ ነበር።

ለዚህ ውድቀት ዋናው ምክንያት የማምረት አቅም መስፋፋት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ቬትናም እ.ኤ.አ. በ1990 ከ2 ሚሊዮን ከረጢት በታች ታመርት የነበረችው፣ በ2000 ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ከረጢት አቀረበች። ብራዚልም በአዳዲስ እርሻዎች ምርቷን ጨመረች። የሲዳማው አርሶ አደር ግማሽ ሄክታር ባልሞላ ጓሮው ላይ ቡናውን ከእንሰቱ ጥላ ሥር ተክሎ፣ በማያውቃቸው ሀገሮች ውስጥ ለተወሰነ የማስፋፋት ውሳኔ ዋጋ ከፈለ። እንሰቱ ባይኖር ረሃቡ የከፋ በሆነ ነበር። ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ጥቂት አልነበረም፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገዢውም ጥሬ ገንዘብ ይዞ በር ድረስ ይመጣል። ይህን ያደረገውን ገበሬ መውቀስ ቀላል ነው፤ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባበት ሌላ መንገድ ግን በወቅቱ ያሳየው አልነበረም።

እንግዲህ ዩኒየኑ ሲመሠረት የነበረው ምርጫ ግልጽ ነበር፤ ከሁሉ በፊት ዋጋ። ለዚህም ሁለት በሮች ነበሩ። አንደኛው ሕጋዊ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት የተደራጁ ዩኒየኖች የአዲስ አበባውን የጨረታ ማዕከል አልፈው በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልኩ ተፈቀደላቸው። ሁለተኛው የፌርትሬድ ገበያ ነው፤ ዩኒየኑ የምስክር ወረቀቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። በዚያን ጊዜ ፌርትሬድ ለታጠበ አረቢካ የወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 121 ሳንቲም ሲሆን፣ 5 ሳንቲም የማኅበራዊ ልማት ተጨማሪ ክፍያ ነበረው። የዓለም ገበያ 45 ሳንቲም በነበረበት ወቅት 126 ሳንቲም ማለት ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ይህ በእሸት ቡና ሲሰላ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። 1 ኪሎ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። በፓውንድ 126 ሳንቲም ማለት በኪሎ 2 ዶላር ከ78 ሳንቲም ነው። ዶላር በ8 ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር በነበረበት በዚያ ጊዜ ወደ 23 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል ለ1 ኪሎ እሸት 3 ብር ከ90 ያህል ይመጣል። በ45 ሳንቲሙ የዓለም ዋጋ ቢሰላ ግን ከ1 ብር ከ40 አያልፍም። ሁለቱም ቁጥሮች ከመፈልፈያ፣ ከመጓጓዣ፣ ከማበጠሪያ፣ ከጆንያና ከባንክ ወለድ በፊት ያሉ ናቸው። ወጪው ሲቀነስ የመጀመሪያው ለገበሬው አንድ ነገር ያስተርፋል፤ ሁለተኛው ምንም አያስተርፍም።

ይሁን እንጂ የፌርትሬድ ገዢ የቀረበለትን ሁሉ አይገዛም። የምስክር ወረቀት ያለው ማኅበር እንኳ ከምርቱ በዚያ ዋጋ የሚሸጠው ከፊሉን ነው፤ የቀረው በተራው ገበያ ዋጋ ይሄዳል። ለአባላቱ የሚነገረው ዋጋም የሁለቱ አማካይ ይሆናል። ብዙ ቅሬታ የመጣው ይህ በግልጽ ስላልተብራራ ነው።

1 ብር በእሸት፣ 6 ብር በንጹሕ ቡና

ቀይ ቡና አይጠብቅም። በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለሆነም የእሸት ቡና ግብይት የሚያበቃው በአንድ ምሽት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከሰዓት በኋላ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ጆንያ ተሸክመው ወደ ሚዛኑ ሲወርዱ፣ በመንገዱ ላይ የግል ሰብሳቢው ሚዛኑን ሰቅሎ ይጠብቃል። እሱ ዋጋውን በጠዋት አንድ፣ በማታ ሌላ ማድረግ ይችላል፤ ማኅበሩ ግን ዋጋ ለመቀየር ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት። ነጋዴው 50 ሳንቲም ሲጨምር ጆንያው መንገድ ይቀይራል።

ማኅበሩ መልሶ ልጨምር ቢል ሂሳቡ ከባድ ነው። በእሸት ላይ የሚጨመር 1 ብር በተዘጋጀ ቡና ላይ 6 ብር ይሆናል። ይህ 6 ብር ከውጭ ገዢው የሚገኝ ካልሆነ ከማኅበሩ ትርፍ፣ ትርፍ ከሌለም ከባንክ ብድሩ የሚወጣ ነው። በአንድ የገበያ ሳምንት በስሜት የተጨመረ ዋጋ ማኅበሩን ለዓመታት በዕዳ ሊያስር ይችላል፤ በሀገሪቱ የቡና አካባቢዎች በዚህ መንገድ የተዘጉ ማኅበራት አሉ።

የማስፋፋት ክርክር ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው። መፈልፈያ በዓመት ከሦስት እስከ አራት ወር ብቻ ይሠራል፤ የጥበቃው፣ የሂሳብ ሠራተኛው፣ የጄኔሬተሩና የመጋዘኑ ወጪ ግን ቡናው በዛም አነሰም አይቀርም። ለምሳሌ ያህል የአንድ መፈልፈያ ቋሚ ወጪ 200 ሺህ ብር ነው እንበል። 100 ሺህ ኪሎ እሸት ቢገባ በኪሎ 2 ብር ይደርሳል፤ 200 ሺህ ኪሎ ቢገባ 1 ብር ይሆናል። የተረፈው 1 ብር በቀጥታ በመግዣ ዋጋ ላይ ሊጨመር ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አቅም ማስፋፋት በተዘዋዋሪ ዋጋ መጨመር ነው። ችግሩ ተጨማሪው 100 ሺህ ኪሎ እንዲመጣ አስቀድሞ ዋጋ መጨመር የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ዶሮዋ ትቅደም ወይስ እንቁላሉ የሚባለው እዚህ ቀልድ አይደለም።

በማስፋፋት ስም የሚፈጸም ሌላም ስሕተት አለ። አቅም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማሽኑ ነው። ባለሁለት ዲስኩ በባለአራት ዲስክ ሲተካ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ነገር ግን መፈልፈያ ሰንሰለት ነው። ከዲስኩ የወጣው ቡና በማብላያ ገንዳ ውስጥ አንድ ቀን ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በቦይ ይታጠባል፣ ይህም ብዙ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ ቆሻሻው ውኃ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ደግሞ ከታች ያሉ ቀበሌዎች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበትን ያበላሻል። ታጥቦ ሲያበቃ ከነገለፈቱ በሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል።

ቡናው ለመድረቅ 12 ቀን ይፈጅበታል እንበል። በየቀኑ የሚገባው ቡና 10 አልጋ የሚይዝ ከሆነ ሥራው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል 120 አልጋ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ያለው 100 አልጋ ከሆነ በ11ኛው ቀን ቡናውን የሚያሰጣበት የለውም። አሁን ይህ ማኅበር ተበድሮ ዲስኩን በእጥፍ ቢያሳድግና በየቀኑ 20 አልጋ ቡና ቢፈለፍል፣ አልጋው በ5ኛው ቀን ይሞላል። ማሽኑ ከመቆሙ ወይም ቡናው ተደራርቦ ከመሻገቱ በቀር ሌላ ዕጣ የለውም። በሸቦና በእንጨት የሚሠራው ርካሹ አልጋ ከውጭ ከሚመጣው ውድ ማሽን በላይ የሚወስንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥለት ስላልሆነ ብቻ በዕቅድ ውስጥ ወደ ኋላ ይቀራል።

አልጋውም ቢሟላ የመጨረሻው ጠባብ በር ገንዘብ ነው። ባንኩ የሥራ ማስኬጃ ብድሩን መስከረም ላይ ካልለቀቀ፣ ሰፊው መፈልፈያ ባዶውን ቆሞ ቡናው በፊቱ ወደ ነጋዴው ያልፋል። በፌሮም ሆነ በታራሜሳ፣ በቴላሞም ሆነ በሺሊቾ አካባቢ ያለ አባል ይህን ለማወቅ የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ስም እንደ ዋጋ

ያለ ተጨማሪ ኪሎ ዋጋን ከፍ ለማድረግ ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ ትልቁ የንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ ዋና ዳይሬክተርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ እንዲመዘገቡ አመለከተ። የይርጋጨፌው በ2006 ሲመዘገብ የሐረሩና የሲዳሞው ተቀባይነት አጡ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ስሞቹ የወል መጠሪያ ናቸው ብሎ ተቃውሞ ነበር። ስታርባክስም ቀደም ሲል «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በዚያ ስም ይሸጥ የነበረው በፀሐይ የደረቀ ቡና በመደብር እስከ 26 ዶላር በፓውንድ ይጠየቅበት እንደነበር በጊዜው በሰፊው ተዘግቧል። ኦክስፋም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ዘመቻ ከፈተ፤ ድርድሩም በሰኔ 2007 በስምምነት ተቋጨ። ኩባንያው የስሞቹን ባለቤትነት አውቆ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ፤ የሲዳሞው ስምም ኋላ ላይ ተመዘገበ።

ለምን የንግድ ምልክት ተመረጠ የሚለው ጥያቄ በወቅቱ ከአውሮፓ ባለሙያዎች ሳይቀር ተነስቷል። እነሱ የመከሩት ቡናው በተወሰነው ቦታ መብቀሉ እየተረጋገጠ የሚሰጥ የምስክር ምልክት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ መልስ ቀላልና ተጨባጭ ነው፤ በጥቂት ኪሎ የሚሸጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባወራዎች ባሉበት ሀገር፣ እያንዳንዱን ጆንያ መርምሮ ምስክር መስጠት ከጥቅሙ ወጪው ይበልጣል የሚል ነበር። ፈቃዱም ያለ ክፍያ ተሰጠ። ታስቦ የነበረው ገዢዎች ስሙን በሰፊው እንዲያስተዋውቁና ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ከፍ እንዲል ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዓለም ገበያ የተመዘገበው «ሲዳሞ» የሚለው የቀድሞው ጠቅላይ ግዛትና ክፍለ ሀገር መጠሪያ ሲሆን፣ አርሶ አደሩ የሚኮራበት ግን «ሲዳማ» ነው። ዛሬ በርካታ ቆይዎች በማሸጊያቸው ላይ ሁለተኛውን መጻፍ መጀመራቸው ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጉዳዩ ጋር በተያያዘ በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያንም ማንሳት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የቡና ግብይት ሲጀምር ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይቀላቀል ስለነበር፣ ይህ ቡና የየትኛው መፈልፈያ ነው የሚለው መልስ ይጠፋ ነበር። ዩኒየኖች በቀጥታ የመላክ መብታቸው ስለተጠበቀ፣ ምንጩ የታወቀ ቡና የሚፈልገው የውጭ ገዢ ወደ እነሱ መጣ። በሐዋሳ ቢሮ የሚቀመጠው የናሙና ከረጢት ላይ የማኅበሩ ስም መጻፉ ራሱ ገንዘብ ሆነ።

ዋጋ ሲወጣ የመጣው ፈተና

ዋጋ ሲወርድ ማኅበር እንደሚቸገር ሁሉም ያውቃል። ዋጋ ሲወጣ የባሰ ሊቸገር እንደሚችል የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ ዓመት የኒውዮርክ ዋጋ እንደገና 3 ዶላር ነካ። በመንገድ ዳር ያለው ሰብሳቢ ጥሬ ገንዘቡን እየቆጠረ ገዛ። የማኅበሩ ተመሳሳይ ብድር ግን በእጥፍ ዋጋ ግማሽ ቡና ብቻ ይገዛ ጀመር። የአባል ቡና ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ አስቀድሞ በዝቅተኛ ዋጋ ውል ለገባ ላኪ ደግሞ ውሉን መፈጸም ከኪሳራ ጋር ሆነ። ሰፊ አቅም የገነቡ ማኅበራት በትንሽ ቡና ትልቅ ቋሚ ወጪ የተሸከሙበት ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት ፌርትሬድ ያወጣው ደንብ ለዚህ ክርክር የራሱን መልስ የሰጠ ነው። ለታጠበ አረቢካ ዝቅተኛው ዋጋ 140 ሳንቲም፣ ተጨማሪ ክፍያው 20 ሳንቲም እንዲሆን ሲወሰን፣ ከ20ው ቢያንስ 5 ሳንቲም ለምርታማነትና ለጥራት ማሻሻያ እንዲውል ታዘዘ። ከዚያ በፊት በተጨማሪ ክፍያው የሚሠራው ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ ድልድይና የውኃ ቧንቧ ነበር። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ በብዙ ቀበሌ ማኅበሩ በአባል ባልሆኑ ሰዎች ዘንድ ጭምር የተከበረው በእነሱ ነው። ነገር ግን ድልድዩ የወረዳው መንግሥትም ድርሻ ነው፤ የማድረቂያ አልጋን ግን ከማኅበሩ በቀር የሚሠራ የለም። ለአካባቢ ባለሥልጣናትም ይህ ልዩነት ቢታሰብበት መልካም ነው፤ የማኅበር ገንዘብ የወረዳ በጀት ማሟያ ተደርጎ የታየበት ጊዜ ነበርና።

በሕጉ በኩል ያለው መሣሪያ ደግሞ መጠባበቂያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት ከተጣራ ትርፋቸው 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲይዙ፣ ይህም የካፒታላቸው 30 በመቶ እስኪደርስ እንዲቀጥል ተደንግጎ ነበር። ለሥራ ማስፋፊያና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚቀነሰውን ጉባኤው ይወስናል፤ የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል። አንድ ማኅበር 1 ሚሊዮን ብር አተረፈ እንበል። 300 ሺህ ለመጠባበቂያ ሲቀመጥ 700 ሺህ ይተርፋል። ይህ ሙሉ በሙሉ ለ2 ሺህ አባላት ቢካፈል በአማካይ 350 ብር ይደርሳቸዋል። 350 ብር የአንድን አባወራ ኑሮ አይለውጥም፤ 700 ሺህ ብር ግን በአንድነት ሲቀመጥ የመፈልፈያን ሥራ ይለውጣል። ስሌቱ ለማስፋፋት የሚያደላ ይመስላል።

ክፍፍሉ ግን ከብሩ በላይ ትርጉም አለው። ነጋዴው ሁለተኛ ክፍያ ከፍሎ አያውቅም። ወራት ቆይቶ በስሙ ተጠርቶ ገንዘብ የተቆጠረለት አባል በሚቀጥለው ጥቅምት ጆንያውን ይዞ ወደ ማን እንደሚሄድ ያስባል። ክፍፍል ሁለት ዓመት የተቋረጠበት ማኅበር መፈልፈያው ቢያምርም እሸት አጥቶ ታይቷል። 1983ን የሚያስታውሱ አረጋውያን ክፍፍሉ አይቅር የሚሉት ስስታም ሆነው አይደለም፤ አባሉ የእኔ ያላለውን ንብረት ማንም እንደማይጠብቀው በዓይናቸው ስላዩ ነው።

ከከተማው ማዶ

ሐዋሳ ራሷ አቅምን አስቀድሞ የመገንባትን ነገር በትልቁ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 52 ሼዶች ይዞ ተነሳ፤ ገበያው በዋናነት የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነበር። በኅዳር 2021 ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ለቅቆ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ከጥር 2022 ጀምሮም ዕድሉ ተነሳ። ሼዱ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ የሠለጠነ ሠራተኛ አለ፤ የጎደለው ገዢ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ብራዚል ከ1906ቱ የታውባቴ ስምምነት ጀምሮ ቡናዋን ከገበያ እየያዘች ዋጋ ለማስወደድ ሞክራ፣ ተፎካካሪዎቿ በዚያ ጥሩ ዋጋ ተበረታተው እርሻ አስፋፉባት፤ በመጨረሻም ከ1931 እስከ 1944 ድረስ 78 ሚሊዮን ያህል ከረጢት ቡና አቃጠለች። አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የተወ ትልቅ ሀገርም ቢሆን አልተሳካለትም።

ያልታሰበው የፀሐይ ቡና

በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 በሰብሳቢ፣ በአቅራቢና በላኪ መካከል የነበረውን አጥር አነሳ። ላኪው ራሱ መፈልፈያ ተክሎ፣ ምንጩ የታወቀ ቡና ማቅረብ ቻለ። ለዩኒየኖች ብቻ የነበረው ብልጫ የሁሉም ሆነ፤ በበንሳና በአሮሬሳ ደጋ ላይ የግል መፈልፈያዎች በዙ። ለአርሶ አደሩ የገዢ መብዛት ደስታ ነው። ለማኅበሩ ግን ጠዋትና ማታ የሚቀያየረው ዋጋ ይበልጥ አስጨናቂ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የቆየውን ዕምነት የነቀነቀ ነው። ለአርባ ዓመታት የማሻሻያ ፕሮግራሙ ሁሉ መነሻ የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ ያወጣል፣ ጀንፈል የድሃ ሥራ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ፣ ሳይታጠብ በአልጋ ላይ የደረቀ ቡና ነበር። በጨረታ በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ይህ የጥቂት ከረጢቶች ዋጋ ስለሆነ በዚህ መነሻ የማኅበር ዕቅድ ማውጣት ሞኝነት ነው። ያሳየው ግን አንድ ነገር አለ፤ ቀይ ፍሬ ብቻ ተለቅሞ፣ ሳስቶ ተሰጥቶና ለሳምንታት እየተገላበጠ የደረቀ ቡና ዲስክም፣ ገንዳም፣ የቦይ ውኃም አይፈልግም። የሚፈልገው አልጋ፣ ቦታና የሰው እጅ ነው። የታጠበው በ12 ቀን ከደረቀ ይህኛው ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ አልጋውን የበለጠ ይይዛል። የአልጋው ጥያቄ እንደገና ከማሽኑ ቀደመ።

ዩኒየኑ በዚህ ሁሉ መካከል አድጎ ዛሬ 53 ያህል አባል ማኅበራትንና ከ80 ሺህ በላይ አርሶ አደሮችን የሚወክል ሆኗል። ሲዳማም እ.ኤ.አ. በ2020 ክልል ሆኖ ሐዋሳ መዲናው ሆናለች፤ የቡናው ጉዳይ የሚወሰንበት መሥሪያ ቤት ለአምራቹ ቀርቧል።

አዲሱ ሂሳብ

ፌርትሬድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ለታጠበ አረቢካ ዝቅተኛውን ዋጋ ወደ 180 ሳንቲም ከፍ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ገበያ አልፎት ሄደ፤ በየካቲት 2025 የኒውዮርክ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ሆነ። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለላኪ ዩኒየን በብር የሚገባው ገቢ በአንድ ጊዜ አደገ፤ አባላትም የእሸት ዋጋ በዚያው ልክ እንዲያድግ መጠየቃቸው ተገቢ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ዲስክ፣ ሞተር፣ ጄኔሬተርና መለዋወጫም በዚያው ምንዛሪ ይሰላል። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በእጅ የነበረ የማስፋፊያ ገንዘብ ከለውጡ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የሚገዛው ማሽን ከግማሽ ትንሽ ይበልጥ ነበር ቢባል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ነፃ የሆነ ቡና ብቻ ለመቀበል ያወጣው ሕግ ተፈጻሚነቱ ቢራዘምም፣ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ መመዝገብ ግድ ስለሚል ሌላ ወጪ ጨምሯል። በአንፃሩ የአልጋው እንጨት በዶላር አይገዛም፤ ከአባላቱ ጓሮ የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ ነው፣ ሥራውም በጉልበት መዋጮ ሊሠራ ይችላል። በዘንድሮው ጉባኤ በአንዳንድ ማኅበራት ዋጋውን የሚጠይቀውና መስፋፋቱን የሚጠይቀው አባል በመጀመሪያ ሊስማሙበት የሚችሉት ነገር ይኸው የአልጋው ቁጥር ሳይሆን አይቀርም፤ ስንት አልጋ፣ በየትኛው መፈልፈያ፣ ከጥቅምት በፊት የሚለው ይቀራል።